ሰርገኛ ጨዋታ፦ ድብልቁ መቼ ያተርፋል?

የእህል ነጋዴ አንድ የማይስተው ሕግ አለው። ነጭ ጤፍ ከቀይ ጤፍ ጋር ሲደባለቅ ሰርገኛ ይሆናል፤ ሰርገኛ ደግሞ በተለምዶ ከቀዩ ከፍ፣ ከማኛው ዝቅ ብሎ ይሸጣል። ማኛውን ከቀይ ቀላቅዬ ከማኛ ዋጋ በላይ እሸጣለሁ ብሎ የሚነሳ ነጋዴ የለም። ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ በምትገኘው ሮቢትም ሆነ በሌሎቹ የራያ ቆላ ገበያዎች ይህ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም።

ይህ ሕግ የተገለበጠበት ገበያ ግን አለ። እሱም የቪዲዮ ጌም ገበያ ነው። በዚያ ገበያ ሦስትና አራት ዓይነት ጨዋታ በአንድ ቋት አስገብቶ ቀላቅሎ፣ ድብልቁን ከእያንዳንዱ ንጹህ ዓይነት በላይ የሸጠ ኩባንያ ታይቷል። ይኸው ድብልቅ ሲሞከር ደግሞ የሚሊዮኖች ወጪ አመድ የሆነባቸውም አሉ። ካፒታሉን የት እንደሚያውል ለሚያሰላ የከተማ ባለሀብት ጥያቄው ቀላል ነው፤ ሰርገኛው የሚያተርፈው መቼ ነው? የሚያከስረውስ መቼ? (ከዚህ በታች የውጭ አገር ክንውኖች በአውሮፓውያን፣ የአገር ውስጦቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀርበዋል።)

የሦስት ደቂቃ ንግድ

ለዚህ ጥናት ዋናው ናሙና በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ የሚገኘው ሱፐርሴል ነው። ኩባንያው በ2010 ተቋቋመ። መጋቢት 2016 ላይ «ክላሽ ሮያል» የተባለውን የሞባይል ጨዋታ ለዓለም ገበያ አወጣ። ጨዋታውን የማያውቅ ነጋዴ እንኳ በአንድ ጊዜ ሊረዳው ይችላል፤ ምክንያቱም ጨዋታው ከላይ ጦርነት ቢመስልም ከሥር ንግድ ነው።

ሁለት ሰዎች ይገናኛሉ። እያንዳንዳቸው ሦስት ማማ ይጠብቃሉ፤ የሌላውንም ለማፍረስ ይሞክራሉ። መሣሪያቸው ስምንት ካርድ ሲሆን በአንድ ጊዜ በእጅ የሚያዘው አራቱ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ካርድ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም የሚከፈለው «ኤሊክሲር» በተባለ የጨዋታ ገንዘብ ነው። ይህ ገንዘብ ለሁለቱም እኩል በየ2.8 ሴኮንዱ አንድ አንድ እየሆነ ይጠራቀማል። ከ10 በላይ ግን አይከማችም። ገንዘቡን ይዞ የሚቀመጥ ሰው ከ10 በኋላ የሚመጣውን በሙሉ ያጣል፤ ቸኩሎ የሚያወጣ ደግሞ ተቃራኒው ሲመጣበት ባዶ ኪስ ይቀራል። ነጋዴ ይህን ያውቀዋል። ጥሬ ገንዘብ ሲተኛ ኪሳራ ነው፤ ሲያልቅም ኪሳራ ነው።

ትርፉ የሚመጣው ከልዩነቱ ነው። ለምሳሌ አንዱ ተጫዋች ባለ 5 ዋጋ የሆነውን የሚበርሩ ጭፍሮች ካርድ ሲያወጣ፣ ሌላው ባለ 3 ዋጋ በሆነው የፍላጻ ካርድ ጭፍሮቹን ያረግፋቸዋል። ሁለት ነጥብ አተረፈ ማለት ነው። ባለ 7 ዋጋ የሆነውን ከባድ ብረት ለበስ ወታደር ባለ 3 ዋጋ የሆነ የአጽሞች መንጋ ከቦ ሊጥለው ይችላል። እዚህ ላይ ትርፉ አራት ነጥብ ነው። እንዲህ ያለ ትንንሽ ትርፍ እየተደመረ ሲሄድ አንደኛው ወገን ሊመልሰው የማይችለው ጭነት ይመጣበታል፤ ማማውም ይወድቃል። ያሸነፈው ብዙ ያወጣው ሳይሆን በርካሽ የመከተው ነው።

ጨዋታው በመደበኛው ሦስት ደቂቃ ነው። በመጨረሻው ደቂቃ የገንዘቡ ፍሰት እጥፍ ይሆናል። ሂሳቡ ሲሠራ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች 43 ያህል፣ በሦስተኛው ደቂቃ ብቻ ሌላ 43 ያህል ነጥብ ይመጣል። የአንድ ካርድ አማካይ ዋጋ 4 ቢሆን አንድ ተጫዋች በሦስት ደቂቃ ሃያ ያህል የግዢ ውሳኔ ይወስናል ማለት ነው። ግማሹ ውሳኔ በመጨረሻዋ ደቂቃ የሚወሰን ነው። የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ዕቃው ሳይሸጥ የመሸበትና ጭነት አህያው የሚጠብቀው ሻጭ ይህን ዓይነት ጥድፊያ በደንብ ያውቃል።

ቋቱ ውስጥ ምን ገባ?

ድብልቁ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። የመጀመሪያው ዘር በ1990ዎቹ የኮምፒዩተር ስትራቴጂ ጨዋታ ነው። ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1998 «ስታርክራፍት»ን አወጣ። በዚያው ወቅት ደቡብ ኮሪያ ከ1997ቱ የእስያ የገንዘብ ቀውስ ገና አልወጣችም ነበር። ከሥራ የተባረሩ በርካታ ኮሪያውያን ያላቸውን አጠራቅመው በሰዓት የሚከራይ የኮምፒዩተር ቤት ከፈቱ፤ ቤቱን የሞላላቸውም ይኸው ጨዋታ ነበር። በአገራችን ከተሞች የፕሌይ ስቴሽን ቤት ከፍቶ በጨዋታ ሂሳብ የሚያስከፍለው ወጣት የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ እኛ ዘንድ የተመረጠው እግር ኳስ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊትም ጆተኒና ከረምቡላ በዚሁ ሥርዓት ሠርተዋል፤ የተሸነፈ ይከፍላል።

ሁለተኛው ዘር ከዚሁ ከብሊዛርድ ማሳ የበቀለ ነው። ኩባንያው በ2002 ያወጣው «ዋርክራፍት 3» ተጫዋቾች የራሳቸውን ሜዳ እንዲሠሩ ይፈቅድ ነበር። በ2003 አንድ ተጫዋች «ዶታ» የተባለውን ሜዳ ሠራ። በዚህ ሜዳ አንድ ሰው ሙሉ ጦር ማዘዙን ትቶ አንድ ጀግና ብቻ ይመራል፤ አምስት ለአምስት ሆኖ የጠላትን ሠፈር ለማፍረስ ይዋጋል። ሜዳው በነፃ ተሰራጨ። እርሻው የብሊዛርድ ሆኖ ሳለ ምርቱን የሰበሰቡት ግን ሌሎች ሆኑ። ራየት ጌምስ በ2009 «ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ»ን፣ ቫልቭ ደግሞ በ2013 «ዶታ 2»ን ለገበያ አቀረቡ። የቻይናው ቴንሰንት የራየትን አብላጫ ድርሻ በ2011፣ ቀሪውን በ2015 ገዛ። ብሊዛርድ ዘግይቶ በ2015 የራሱን ተመሳሳይ ጨዋታ ቢያወጣም በ2018 መጨረሻ የሠራተኛውን ቁጥር ቀንሶ ወደኋላ አፈገፈገ።

ሦስተኛው ዘር የካርድ ጨዋታ ነው። ብሊዛርድ በ2014 ያወጣው «ኸርዝስቶን» ካርድ መሰብሰብ በስልክና በኮምፒዩተር ገንዘብ እንደሚያወጣ አሳየ። አራተኛው ደግሞ ማማ የመከላከል ጨዋታ ሲሆን ይህም የሞባይል ስልክ የቆየ ደንበኛ ነበር።

ክላሽ ሮያል አራቱን አንድ ላይ አስገባ። ከስትራቴጂው ጥድፊያውን፣ ከዶታ መሥመሩንና ማማውን፣ ከካርድ ጨዋታው ስብስቡን፣ ከመከላከሉ ደግሞ ቀላልነቱን ወሰደ። ዋናው ቁም ነገር ግን የወሰደው ሳይሆን የጣለው ነው። የዶታ አንድ ጨዋታ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ያንን ጣለው። ስታርክራፍት ጎበዝ ተጫዋች በደቂቃ በመቶዎች የሚቆጠር ትዕዛዝ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ያንንም ጣለው። በአንድ አውራ ጣት፣ ታክሲ ተሰልፎ የሚጠበቅበት ጊዜ ውስጥ የሚያልቅ ሆነ። ሰርገኛው ከማኛ የበለጠው ስለተደባለቀ ሳይሆን እያንዳንዱ እህል ገለባው ተበጥሮ ስለገባ ነው።

የሄልሲንኪ ሂሳብ

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ ይህን ይመስላል። ሱፐርሴል በ2016 ያገኘው ገቢ 2.1 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። ይህን ገቢ ያመነጨው ሁለት መቶ ያህል ሠራተኛ ነው። በነፍስ ወከፍ ሲካፈል አንድ ሠራተኛ ከ10 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አስገብቷል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በቴንሰንት የሚመራ የባለሀብቶች ቡድን የኩባንያውን 84.3 በመቶ ድርሻ በ8.6 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ሻጩ በ2013 51 በመቶውን በ1.5 ቢሊዮን ዶላር የገዛውና ኋላም ድርሻውን ያሳደገው የጃፓኑ ሶፍትባንክ ነበር።

ጨዋታው በነፃ የሚወርድ መሆኑ አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ገቢው የሚመጣው ካርዱን ቶሎ ለማሳደግ ትዕግሥት ካጣው ተጫዋች ነው። ከመቶ ተጫዋች ጥቂቱ ብቻ ይከፍላል። የቀረው ግን ከንቱ አይደለም፤ ለከፋዩ ተቃራኒ ሆኖ የሚቀርበው እሱ ነው። ይህም የሁሉም ነገር ቁልፍ ስለሆነ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ሰርገኛው ሲከስር

አሁን ደግሞ ሌላውን ገጽ እንመልከት። «ዶታ 2»ን የያዘው ቫልቭ በኅዳር 2018 «አርቲፋክት» የተባለ ጨዋታ አወጣ። ጨዋታው ዶታን ከካርድ ጋር የቀላቀለ ነበር። ንድፉን የሠራውም በካርድ ጨዋታ ዓለም ስመ ጥር የሆነው ሪቻርድ ጋርፊልድ ነው። ስሙ፣ ገንዘቡና ባለሙያው ሁሉም ተሟልቷል። ይሁን እንጂ ጨዋታው በ20 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ከተገዛም በኋላ ተጨማሪ ካርድ በገንዘብ ነው። ሦስት ሜዳ በአንድ ጊዜ መከታተልን ይጠይቃል፤ አንዱ ግጥሚያም ይረዝማል። ሲወጣ በአንድ ጊዜ 60 ሺህ ያህል ሰው የነበረበት ገበያ በወራት ውስጥ በመቶዎች ወደሚቆጠር ሰው ወረደ። በመጋቢት 2021 ቫልቭ ሥራውን ማቆሙን አስታወቀ። እዚህ ላይ ድብልቁ ከየእህሉ የወሰደው ገለባውን ነበር፤ የዶታን ውስብስብነትና የካርዱን ወጪ።

ሱፐርሴል ራሱም ከዚህ አላመለጠም። በግንቦት 2024 ያወጣው «ስኳድ በስተርስ» የኩባንያውን የድሮ ጀግኖች በሙሉ በአንድ ሜዳ ያገናኘ፣ ከበርካታ የጨዋታ ዓይነት የተቀመመ ነበር። ኩባንያው ከ2018 ወዲህ ለዓለም ገበያ ያወጣው የመጀመሪያ አዲስ ጨዋታም እሱ ነው። ብዙ ሰው አወረደው፤ ብዙ ሰው ግን አልቆየበትም። በ2025 መገባደጃ ኩባንያው ልማቱን እንደሚያቆም ተናገረ።

ሱፐርሴልን ከሌሎች የሚለየው መክሰሩ ወይም አለመክሰሩ አይደለም፤ የከሰረውን ሳይዘገይ መጣሉ ነው። ኩባንያው ለገበያ ካወጣቸው ይልቅ ጀምሮ የተዋቸው ጨዋታዎች ይበዛሉ። ይህ ለራያ ቆላ ገበሬ እንግዳ ዘዴ አይደለም። በቆቦ አካባቢ ብዙ ወር የሚቆየው ማሽላ በሚያዝያና በግንቦት ይዘራል። ዝናቡ ከቀረና ቡቃያው ከደረቀ ገበሬው አያለቅስበትም፤ ማሳውን ገልብጦ በሐምሌ ቶሎ የሚደርሰውን ጤፍ ይዘራበታል። የወጣው ዘርና ጉልበት ወጥቷል። ዋናው ነገር ክረምቱ ሳያልቅ መወሰኑ ነው። በጨዋታ ገበያ የከሰሩት ብዙዎቹ የደረቀውን ማሽላ እስከ ጥቅምት ሲጠብቁ የቆዩ ናቸው።

ሌላም አደጋ አለ። የጨዋታ ዓይነት የባለቤትነት መብት አይወጣለትም። ሥዕሉና ስሙ ይጠበቃል እንጂ «ካርድና ማማ ቀላቅያለሁ» የሚለው ሐሳብ የማንም ንብረት አይሆንም። በጥር 2019 ድሮዶ የተባለ አነስተኛ የቻይና ቡድን በዶታ 2 ውስጥ «አውቶ ቼስ» የተባለ አዲስ ድብልቅ ሠራ። ግማሽ ዓመት ሳይሞላ፣ በሰኔ ወር፣ ቫልቭም ራየትም የየራሳቸውን አምሳያ አወጡ። አዲስ ቅመም ያገኘ ሰው የሚያተርፍበት ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነው ማለት ነው።

በየደቂቃው የገበያ ቀን

ታዲያ ቅመሙን ማንም መቅዳት ከቻለ የሱፐርሴልን ገበያ ማንም ለምን አልወሰደበትም? መልሱ ሮቢት ገበያ ላይ አለ። ሮቢት ሲባል ጆሮ ሮብን ይሰማል፤ በገበያ ቀናቸው ስም የሚጠሩ ስፍራዎች በአገራችን ብዙ ናቸው። ገበሬው ማሽላውን ጭኖ የሚመጣው በገበያ ቀን ነው። በሌላ ቀን ቢመጣ እህሉ ያው እህል ነው፤ ገዢ ግን የለም። ገዢው ደግሞ የሚመጣው ሻጭ ስላለ ነው። ገበያን ገበያ የሚያደርገው ዕቃው ሳይሆን ሁለቱ ወገኖች በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ መገኘታቸው ነው።

የብዙ ሰው ጨዋታም እንዲሁ ነው። አንድ ተጫዋች ስልኩን ሲከፍት በሴኮንዶች ውስጥ የሚመጥነው ተቃራኒ ማግኘት አለበት። ካላገኘ ይዘጋዋል፤ እሱ ሲዘጋው ቀጣዩም ተቃራኒ ያጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጨዋታ በየደቂቃው፣ ሌሊትም ቀንም፣ የገበያ ቀን መሆን አለበት። በአርቲፋክት የደረሰው ይኸው ነው፤ ገበያው ሳሳ፣ ሰው ጠፋ፣ ሰው ስለጠፋ ደግሞ ይበልጥ ሳሳ። ብዙ ኩባንያዎች ክፍተቱን ለመሸፈን በኮምፒዩተር የሚመራ ተጫዋች ያስገባሉ። ይህ ግን ገበያውን የሞላ ለማስመሰል የራስን ዘመድ ገዢ አድርጎ እንደማሰለፍ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል።

ይህ ነጥብ ለድብልቅ ጨዋታ ይበልጥ ከባድ ነው። ንጹህ የካርድ ጨዋታ ተራ በተራ ስለሆነ አንዱ ተጫዋች ቢዘገይ ሌላው ይጠብቃል። የፈጣን ስትራቴጂ ጨዋታ ግን ሁለቱም በአንድ ቅጽበት እንዲገኙ፣ መሥመሩም ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሳይቋረጥ እንዲቆይ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት የኢንተርኔት ግንኙነቷ በጂቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል አልፎ ነው ከባሕር ሥር ኬብል የሚደርሰው። ሰርቨሩ አውሮፓ ከሆነ ትዕዛዙ ደርሶ እስኪመለስ ከመቶ ሚሊ ሴኮንድ በላይ ይፈጃል። ክላሽ ሮያል ውስጥ አንድ ካርድ ሜዳ ላይ ከተጣለ በኋላ ወታደሩ ለመነሳት አንድ ሴኮንድ ገደማ ይወስዳል። ያቺ ሴኮንድ የመሥመሩን መዘግየት ትሸፍናለች። የተቋረጠን መሥመር ግን ምንም ንድፍ አይሸፍነውም።

የቆቦ አካባቢ ደግሞ የተቋረጠ መሥመር ምን እንደሆነ በሚገባ ያውቃል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ቆቦ ዘለቀ። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ውጊያው እንደገና ያገረሸው በዚሁ አካባቢ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም በአብዛኛው የክልሉ ክፍል የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጧል። በዚያ ጊዜ የተጎዳው ጨዋታ ብቻ አልነበረም። የደላላው የዋጋ መጠየቂያ፣ የነጋዴው የገንዘብ ማስተላለፊያ፣ የተማሪው ማመልከቻ ሁሉ ያረፈው በዚያው መሥመር ላይ ነው። የሦስት ደቂቃ ጨዋታ የማይዘልቅበት መሥመር የሦስት ደቂቃ ንግድም አይዘልቅበትም።

የአገር ውስጡ ሙከራ

በአገራችን የሞባይል ጨዋታ በመሥራት ስሙ የሚነሳው ቅኔ ጌምስ ነው። በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው ይህ ስቱዲዮ «ኩኩሉ» የተባለውን፣ ከገበሬ እጅ የምታመልጥ ዶሮ ያለችበትን የሩጫ ጨዋታ ሠርቷል። ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ስቱዲዮው በ2022 በተቋቋመው የፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕ ውስጥ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ስቱዲዮዎች ጋር ተቀናጅቷል።

የዚህ ምርጫ የንግድ ብልህነት ከላይ በተነገረው ሚዛን ሲታይ ግልጽ ነው። ኩኩሉ የአንድ ሰው ጨዋታ በመሆኑ ተቃራኒ አይፈልግም፤ የገበያ ቀንም አይፈልግም። ገበጣም ሁለት ሰው ቢፈልግም ተራ በተራ ነው፤ ሁለቱም አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ ስልክ ሊቀባበሉ ይችላሉ። ሕጉን ለማስተማርም ማስታወቂያ አያስፈልግም፤ ከእረኛ እስከ ሽማግሌ ያውቀዋል። ጠጠሩን ቆጥሮ መዝራት፣ የሌላውን ጉድጓድ አስልቶ መልቀም፣ ይህ የቆየ የስትራቴጂ ጨዋታ ነው። የጎደለው ጥድፊያው ብቻ ነው። ሰዓት የተጨመረበትና በአንድ እፍታ የሚያልቅ ገበጣ የአገር ቤት ሰርገኛ ሊሆን ይችል ይሆናል። ያ ግን ገና በሐሳብ ያለ ነው፤ ሐሳብ ደግሞ ከላይ እንደታየው ማንም ይቀዳዋል።

የክፍያው ጉዳይ ከድሮው ተሻሽሏል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በስልክ ጥቂት ብር መክፈል የሚችል ሰፊ ሕዝብ ተፈጠረ፤ ዛሬ ተመዝጋቢው ከ50 ሚሊዮን በላይ ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ፤ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ኤምፔሳን አስከተለ። ለውጭ አገር ጨዋታ በዶላር የሚከፍልበት ካርድ የሌለው ወጣት ለአገር ውስጥ ጨዋታ በብር የሚከፍልበት መንገድ አለው ማለት ነው። የምንዛሪው ለውጥም የራሱ ፈንታ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ጥቂት ወራት ሳይቆይ ከ120 ብር አልፏል። የአንድ ዶላር የጨዋታ ዕቃ ለአዲስ አበባ ልጅ ከእጥፍ በላይ ተወደደ፤ የአገር ውስጥ ተፎካካሪ በብር ቢሸጥ በዚያው ልክ ረከሰ። ሰርቨሩን በዶላር የሚከራይ ከሆነ ግን ወጪውም በእጥፍ ይመጣበታል።

አሁን በወረቀት ላይ እናስላው። ቁጥሮቹ የምሳሌ እንጂ የማንም ድርጅት አይደሉም። አሥር ሠራተኛ በአማካይ 30 ሺህ ብር ደመወዝ ቢከፈለው በወር 300 ሺህ ብር ነው። ጨዋታው ሁለት ዓመት ቢፈጅ ገበያ ሳይወጣ 7.2 ሚሊዮን ብር በልቷል፤ የቤት ኪራይ፣ ኮምፒዩተርና መብራት ሳይታሰብ። ጨዋታው ወጥቶ 100 ሺህ ሰው ቢጫወተው፣ ከመቶው 3 ሰው በወር 20 ብር ቢከፍል፣ ገቢው 60 ሺህ ብር ነው። ይህ የደመወዙ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ደመወዝ ለመሸፈን ብቻ 500 ሺህ ቋሚ ተጫዋች ያስፈልጋል። የመተግበሪያ መደብሮች ድርሻም አለ፤ መደበኛው ከሽያጩ 30 በመቶ፣ ለአነስተኛ ሻጭ 15 በመቶ ነው። ያወጣውን 7.2 ሚሊዮን ለመመለስ ደግሞ ከዚያ በላይ ተጫዋች ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ባለሀብቱ ሊደነግጥ ይችላል። ድንጋጤው ግን መልካም ነው፤ ብዙ ሰው ወደዚህ ሥራ የሚገባው የሄልሲንኪን 2.1 ቢሊዮን አይቶ እንጂ ይህን ሂሳብ ሠርቶ አይደለም። ሂሳቡ የሚያሳየው ነገር የአንድ አገር ገበያ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። የአፍሪካ ስቱዲዮዎች በቡድን የተሰባሰቡበትም ምክንያት ከዚህ አይርቅም። መቀመጫውን ደቡብ አፍሪካ ያደረገው ካሪ ፈርስት ጨዋታ ከመሥራት ይልቅ የሌሎችን ጨዋታ በአህጉሩ በማከፋፈልና ክፍያውን በመሰብሰብ ላይ አተኩሮ በ2022 መጀመሪያ 20 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2023 መጀመሪያ ደግሞ 27 ሚሊዮን ዶላር ከባለሀብቶች አሰባስቧል። ይህ ለደላላው ወገን የሚያስደስት ምሳሌ ነው። እህሉን ካመረተው ይልቅ አገናኙ ቶሎ ገንዘብ ያገኘበት ገበያ ነውና።

ከመፈረም በፊት

እንግዲህ አንድ ወጣት ቡድን ፕሮጀክቱን ይዞ ወደ ባለሀብት ዘንድ ቢመጣና «እኛ የካርድ፣ የጀግናና የማማ ጨዋታን ቀላቅለን ፈጣን ስትራቴጂ እንሠራለን» ቢል፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ቀላቀላችሁ?» መሆን የለበትም። «ከየእያንዳንዱ ምን ጣላችሁ?» ነው መባል ያለበት። ሁለተኛው ጥያቄ ተቃራኒ ተጫዋች ከየት እንደሚመጣ ነው፤ በመጀመሪያው ወር፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ሁለት መቶ ሰው ብቻ ባለበት ሰዓት። ሦስተኛው ደግሞ መሥመር በአርባኛው ሴኮንድ ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን ነው፤ የተቋረጠበት ሰው ተሸነፈ ይባላል፣ ወይስ የቆመበት ይጠበቅለታል? አራተኛውና ከሁሉም የሚከብደው፣ ዝናቡ ከቀረ ማሽላውን የሚገለብጡት በስንተኛው ወር እንደሆነ ነው። ለዚህ መልስ ያላዘጋጀ ቡድን ገንዘቡን እስከ ጥቅምት ይጠብቅበታል።

ከሮቢት አንጻር ሲታይ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ ያለ ወጣት ስልኩን ከፍቶ ከሄልሲንኪ ወይም ከሴኡል ልጅ ጋር በእኩል 10 ነጥብ ካፒታል መነገድ ይችላል። በጨዋታው ውስጥ ኤሊክሲር ለሁለቱም በ2.8 ሴኮንድ ይመጣል፤ ለሀብታም ፈጥኖ፣ ለድሃ ዘግይቶ አይመጣም። ከጨዋታው ውጪ ግን መብራቱ፣ መሥመሩና ሰላሙ እኩል አይደሉም። ይህን ገበያ የሚያስብ ባለሀብት ከቅመሙ በፊት ሊያሰላ የሚገባው ይህንን ነው። ሰርገኛው ምንም ቢጣፍጥ መንገዱ ከተዘጋ ገበያ አይወጣም።